ሜትሩን ተወውና ልጆቹን አልብስ፦ ለጅማ ወገኖቻችን የምስጋና መልእክት

የተከበራችሁ የጅማ ወዳጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና የዕድራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት አምስታችንም በጤና ወጣነው። እዚህ አሜሪካ ክረምት የሚሉት የእናንተን በጋ ስለሆነ፣ "ክረምቱ እንዴት ነው?" እያላችሁ በሐምሌ እንዳትደውሉ።

ይህን መልእክት ከደረስን ማግስት ጀምሮ ልጽፍ እያልኩ ይኸው ግንቦት ሆነ። ያሳለፍነውን አልተርክም፤ ታውቁታላችሁ። የትንሹ ልጃችን ቪዛ ብቻ ተለይቶ የቀረ ጊዜ አብራችሁን ቀን የቆጠራችሁ እናንተ ናችሁ። መስከረም 20 ካለፈ የደረሰን ዲቪ ተራ ወረቀት እንደሚሆን ከእኔ እኩል ታውቁ ነበር። ጳጉሜን ላይ ያ ስልክ ሲደወል ግቢያችን ውስጥ እልል ያለችውን ሴት እስከ ዛሬ አላወቅኳትም። ማን ነበርሽ?

ከሁሉ በፊት ግን ስለ አንድ ሰው ልናገር። "ስሜን እንዳታነሺ" ብለው በልጆቼ አስምለውኛል፤ ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ሂርማታ ገበያ ሰልባጅ ተራ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል።

ነገሩ በጨዋታ ነው የተጀመረው። የጂኦግራፊ መምህር የሆነው ባለቤቴ ሱቃቸው በር ላይ ቆሞ ሲያስረዳቸው፣ "ጎልደን ኮሎራዶ ውስጥ የሮኪ ተራሮች ግርጌ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,730 ሜትር ገደማ ነው። ጅማ ደግሞ 1,780 ገደማ ነው። እንዲያውም እኛ እንበልጣለን! ብርዱ ምን ያህል ቢከፋ ነው?" አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "መምህር፣ ሜትሩን ተወውና ልጆቹን አልብስ" አሉት። ከምድር ወገብ ሲርቁ ብርዱ እንደሚበረታ፣ ጅማ በ7ኛው ዲግሪ፣ ጎልደን በ39ኛው ላይ መሆናቸውን የረሳው ያን ሁሉ ዓመት ኬክሮስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። (ይህን ሳያነብልኝ ልላከው።)

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቦንዳ በተፈታ ቁጥር ጋሼ ለእኛ የሚሆነውን ወደ ጎን ያስቀሩ ነበር። እሳቸው እኮ የሐምሌን ቆርቆሮ የሚደበድብ በረዶ እንጂ ሌላ አይተው አያውቁም። ጃኬት መምረጥ ግን ያውቁበታል። ጨብጠው ይለቁታል፤ መልሶ ከተነፋ "ይኼ ላባ ነው፣ ያሞቃል" ይላሉ፤ ተጨማዶ ከቀረ ይወረውሩታል። ውኃ ጠብ አድርገው ያስገባ እንደሆነ ያያሉ። የሚይዘውን ዚፕ ሻማ እየቀቡ ያለሰልሱታል። የትንሹን ጓንት በገመድ አያይዘው በእጅጌው ውስጥ ለውስጥ አሳለፉት፤ እንዳይጥለው። ቦት ጫማውን ሆን ብለው ሁለት ቁጥር አስበልጠው መረጡለት፤ "እግር ያድጋል፣ ካልሲም ቦታ ይፈልጋል" አሉኝ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያው በሚደራበት ቀን፣ ገዢ እያስቆሙ ነው።

የኔ ጃኬት ዚፕ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች ወረቀት ነበረች። "አትቁረጫት፣ ኦሪጅናል መሆኑ የሚታወቀው በሷ ነው" ስላሉኝ ሳልነካት ለብሼ መጣሁ። ጎልደን ስንደርስ ጎረቤታችን ፈረንጇ አየት አድርጋኝ "በረዶ ላይ መንሸራተት ትችያለሽ እንዴ?" አለችኝ። ለካ የተራራ መንሸራተቻ ትኬት ኖሯል! በዚያው ሳምንት ቤታችን ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ወድቄያለሁ፤ ያለ ትኬትም አያቅተኝም ማለት ነው።

ለሻንጣ የተፈቀደልን 23 ኪሎ በበርበሬና በሽሮ ሲያልቅ መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ "ካፖርቱን ለብሳችሁት ውጡ" አሉን። ልጆቹ ቃል በቃል ወስደውት ጊቤ ሸለቆ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ኮፍያ አናወልቅም ብለው ላብ በላብ ሆኑ። ጋሼን እምቢ ማለት ነውር መስሏቸው ነው።

ዋጋውን በጠየቅኩ ቁጥር መልሳቸው "ስትደርሱ እንነጋገራለን" ነበር። ደርሰን ደወልኩ። "ሞቃችሁ?" አሉ። "ሞቆናል ጋሼ፣ ሂሳቡን..." ስል መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሳቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ...

ይቅርታ፣ ትንሽ አረፍ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ትልቁ በረዶ የወረደው በመጋቢት ነው። እዚህ ከወራት ሁሉ በረዶ የሚበዛው በመጋቢት ነው አሉን። ሌሊቱን ምንም ድምፅ አልሰማንም። ጠዋት ትንሹ መጋረጃውን ገልጦ "እማዬ፣ ቡናው አበበ!" አለ። ነጭ ነገር ዛፍ ላይ ያየው አያቱ ጓሮ ብቻ ነዋ። ባለቤቴ ደግሞ ከምሥራቅ የመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራው ሲገታው ወደ ላይ ወጥቶ እየቀዘቀዘ እንደሚያራግፈው፣ ሌላ ቀን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ደረቅ ነፋስ ከተራራው ወርዶ በረዶውን እንደሚልሰው ለሰማውም ላልሰማውም ያስተምራል። ከፍታ የሚለውን ነገር ግን ትቶታል።

የዕድራችን ዳኛና አባላት፣ የልጆቼ መምህራን፣ የቆጪና የፈረንጅ አራዳ ጎረቤቶቼ፣ ስእለት የተሳላችሁ፣ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ለትኬቱ ያለ ወለድ ያበደራችሁን፣ አዲስ አበባ ለምርመራ ስንመላለስ ያሳደራችሁን፣ እንዲሁም ምድር ቤቱን የለቀቀልን የባለቤቴ የአክስት ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፎርም እሞላለሁ ብሎ ገንዘባችንን ይዞ ለጠፋው ሰውም ልብ ይስጠው።

ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። መዘርዘር ጀምሬ ሁለት ገጽ ሞላሁና አንዱን ብዘልል ሌላው ይከፋዋል ብዬ ቀደድኩት። ጥር ላይ ሳንሰናበታችሁ የወጣንባችሁም አላችሁ፤ ከበር በር ብዞር መኪናው ላይ መውጣት ያቅተኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እማዬ ብቻዋን ቡና እንዳትጠጣ በየቀኑ የምትገቡላት ሴቶች፣ እናንተን በሌላ ቀን ለብቻ እጽፍላችኋለሁ። ዛሬ አልችልም።

ጋሼ፣ የትንሹ ቦት ጫማ ከፊቱ የቀረው ክፍተት አንድ ጣት ነው። ለሚቀጥለው በረዶ ልክ ይሆናል።