የፋጉሎው መጠለያ ጣሪያ ወድቋል፤ የወይራ ለቀማው ሳይጀመር እንድረስለት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

እንደገና ልናስቸግራችሁ ነው። ባለፈው ጥሪያችን «ይህ የመጨረሻው ነው» ብለን ነበር፤ ያልነውም ከልባችን ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ባደረው ዝናብ፣ የወይራው ዘይት ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎ የምናከማችበት መጠለያ ጣሪያ ከመሀሉ ተሰብሮ ወረደ። ሁለት ወራጆች ተቀንጥሰው ቆርቆሮው ክምሩ ላይ ተጨማዶ ተኝቷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን።

«ጣሪያ አይደል፣ ይቆይ» የሚሉ አሉ። አይቆይም። የወይራ መጭመቂያ መሣሪያችን ባለሁለት መውጫ ነው፤ በአንዱ ዘይት፣ በሌላው እርጥብ ፋጉሎ ይወጣል። የፋጉሎው ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ከቅጠል፣ ከገለባና ከፍግ ጋር ተደባልቆ ሲገላበጥ በራሱ ይግላል፤ በወራት ውስጥም ለዛፎቹ የሚመለስ ኮምፖስት ይሆናል። ዝናብ ከገባበት ግን አየር ያጣል፣ ይገማል፣ ጥቁር ውኃ ይለቃል። ያ ውኃ ኮምጣጣ ነው፤ በውስጡ ያለው ፌኖል የሚባል የወይራው ንጥረ ነገር ቡቃያ ይጎዳል፤ ወንዝ ከደረሰም ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከቀናት በፊት ከግለቱ የተነሳ እጃችንን ሰደን ማቆየት ያቃተን ክምር ዛሬ ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘነው። ቦዩን በአሸዋ ጆንያ ዘግተነዋል፤ አንድ ዝናብ ከደገመ ግን አይችለውም።

«እስካሁን የሰጠነው የት ገባ?» ለምትሉ፣ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ረከስ ያለ ባለሦስት መውጫ መሣሪያ ቀርቦልን ነበር። እሱ ሲሠራ ውኃ ይጨመርበታል፤ ጥቁሩ ፍሳሽም በዚያው ልክ ይበዛል። ውዱን የመረጥነው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ቃለ ጉባኤው አለ፣ መጥቶ ማየት ይቻላል። የተረፈችው ገንዘብ ለጣሪያው ስላልበቃች በቀጭን እንጨት አሠራነው። አናጺው አስጠንቅቆን ነበር። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው።

በመሣሪያው ግን አንቆጭም። ፍሬው በተለቀመ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨመቃል፤ የተፈጨው ፍሬ ሊጥ ከ27 ዲግሪ በላይ አይሞቅም፤ የዘይታችን አሲድነትም ለኤክስትራ ቨርጂን፣ ማለትም ለከፍተኛው የወይራ ዘይት ደረጃ፣ ከተፈቀደው 0.8 በመቶ አልፎ አያውቅም። የፍሬው ጠንካራ ዘር ተለይቶ ማሞቂያው ውስጥ ይነዳልና ማገዶ መግዛት ትተናል። በዛፎቹ መካከል ሣሩን ስላልነቀልን በዚያ ሌሊት እንኳ ጎርፉ አፈራችንን አልወሰደም።

ኦሪት ወይራህን ካራገፍህ በኋላ የቀረውን አትቃርም፤ ለመጻተኛ፣ ለድኻ አደግና ለመበለት ይሁን ይላል። ቁርኣንም ወይራን የተባረከች ዛፍ ይላታል። ከዚህች ዛፍ የወጣ ፍሳሽ ከታች ያለውን ጎረቤት ውኃ ሲያበላሽ ማየት ለየትኛችንም ሃይማኖት አይመችም።

መዋጮው የሚገባው በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። በኮሚቴ አባል የግል ሒሳብ እባካችሁ አታስገቡ፤ ቢለምናችሁም አታስገቡ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለፈው ጊዜ ያልተጻፈበትን ገንዘብ ባለቤት ስንፈልግ ከርመናል። ወጪ የሚደረገው በሦስት ፊርማ ነው። ገንዘብ የሌለው ወራጅ፣ ምስማር ወይም የአንድ ቀን ጉልበት ይስጠን።

ጣሪያው ሳይቆም መጭመቂያውን ላንከፍት ወስነናል። ፍሬው ደግሞ መቅላት ጀምሯል። ደግመን እናሳስብ፦ በማኅበሩ ሒሳብ፣ ምክንያት «ጣሪያ»፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ኮሚቴው