ሞተር ሳይሆን መለኪያ ላኩልን፦ ለጉድጓዶቻችን ውሃ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የዳንጊላና የአካባቢው ተወላጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወዳጆቻችን፤

አገራችን ዝናብ አልነሳትም። ዳንጊላ ላይ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ በአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) መሬት ሲሰላ 4 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ወርዶ ያልቃል። በበጋ ሽንኩርቱንና ድንቹን የምናጠጣው አፈሩና ከሥሩ ያለው የፈረሰ ዓለት ይዘው ባቆዩልን ውሃ ነው።

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ በባልዲ ሲቀዳ ውሎ ሌሊቱን ይሞላል። የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲገባበት ቶሎ ይነጥፋል፤ ብዙ ሞተር በተተከለበት ሰፈር ደግሞ የጎረቤትም ጉድጓድ ይጎድላል። ሚያዝያ ላይ ጀሪካን አዝለው የመጠጥ ውሃ የሚፈልጉ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከጉድጓድ አጠገብ የተተከለ ባህር ዛፍም የሚጠጣው ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችን በባህር ዛፍ ሽያጭ የምንተዳደር ብንሆንም ይህን ሳንናገር አናልፍም።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ለገበሬው መልካም ነው፤ መቁጠሩና መቆጣጠሩ ግን በእኛው ላይ ይወድቃል። እንደምንችለውም በዓይናችን ያየነው ነው። እዚሁ ወረዳችን ዳንገሽታ ቀበሌ ገበሬዎች በ2006 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ። መዝገባቸው ሲመረመር ለሳይንስ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ።

እኛም ይህንኑ በቀበሌያችን ልንሠራ ተነሥተናል። የውሃውን ልክ ካወቅን ጉባኤ ተቀምጠን ማን በየትኛው ቀን ሞተር እንደሚያስነሣ፣ ውሃው ምን ያህል ሲወርድ መስኖው ቆሞ ለመጠጥ ብቻ እንደሚተው እንወስናለን። ሳይለካ የሚደረግ ክፍፍል መጨረሻው ጠብ ነው። ከጉድጓዶቹ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ደግሞ ጎርፉን ይዘው ወደ መሬት የሚያሰርጉ ቦዮች እንቆፍራለን።

ጉልበቱ ከእኛ ነው፤ በደቦ እንወጣዋለን። የጎደለን የጥልቀት መለኪያ ገመድ፣ የዝናብ መለኪያ፣ መዝገብ፣ ዶማና አካፋ፣ እንዲሁም ጎርፍና ፍግ እንዳይገባባቸው የጉድጓዶቹን አፍ ከፍ አድርገን የምንገነባበት ሲሚንቶ ነው። ከመቶ ብር ጀምሮ የቻላችሁትን፣ ዕቃም ቢሆን፣ በቀበሌው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ በኩል በደረሰኝ እንቀበላለን። ገቢና ወጪው በጉባኤ ይነበባል። የውሃ ሙያ ያላችሁ ልጆቻችን በእረፍታችሁ መጥታችሁ መዝጋቢዎቹን ብታሠለጥኑልን ከገንዘብ ባላነሰ ደስ ይለናል።

ቦዮቹ ከግንቦት ዝናብ በፊት ማለቅ አለባቸው። እርዳታችሁ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከደረሰን የዘንድሮውን ክረምት ውሃ መያዝ እንጀምራለን።