ሱዙኪዋን አይሽጧት

ይድረስ ለውድ አባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። የአረጋውያን መንከባከቢያው ሥራዬም እንደ ወትሮው ነው።

ማሙሽ እንደነገረኝ መኪናችንን ሱዙኪዋን ለብረታ ብረት ነጋዴ ልትሸጧት ዋጋ እየተነጋገራችሁ ነው። ወለሏ ተበልቷል፣ ከእንግዲህ ብየዳ አይይዝም ብለዋል አሉ። በስልክ ልከራከርዎ ብሞክር መስመሩ እየተቆረጠ መግባባት አቃተን፤ ስለዚህ በጽሑፍ እለምንዎታለሁ። እባክዎ አይሽጧት። ቢያንስ ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ፣ ከታች የምጠይቅዎትንም እስኪያዩልኝ ድረስ ነጋዴውን ያቆዩት።

እኔም እዚህ ፍራንክፈርት ዳር አንዲት ሱዙኪ ሳሙራይ ከዝገት እያወጣሁ ነው። የእርስዎ ኤስጄ 410 ናት፣ የእኔዋ ኤስጄ 413። የእርስዎ ሞተር 970 ሲሲ ባለ አራት ማርሽ፣ የእኔዋ 1324 ሲሲ ባለ አምስት ማርሽ ነው እንጂ ሥሪታቸው አንድ ነው፤ አካሏን ከሥር የሚሸከመው ያው ሻንሲ፣ በአራቱም ጎማ መንገዱን የሚያለሰልሰው ያው ባሌስትራ። የእኔዋ እ.ኤ.አ. በ1989 ስፔን ሊናሬስ ከተማ፣ በሳንታና ፋብሪካ የተሠራች ናት። የምሠራባት በሰዓት እየተከፈለ ሊፍትና ዕቃ በሚከራይበት ጋራዥ ነው። የሌሊት ተራ በማይደርሰኝ ሳምንት ሁሉ እዚያ ነኝ።

አባባ፣ የዚህን አገር ዝገት ለመረዳት ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም። ኮምቦልቻ ሲሠሩ ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚመጡትን መኪናዎች አልጋቸውን ስንት ጊዜ ቀይረዋል! እዚህ ጨዉን የሚጭነው አንድ መኪና አይደለም፤ በረዶ በጣለ ቁጥር መንገዱ ላይ ይበተንና አገሩ ሁሉ ይነዳበታል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ውሃውንም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ብረት በአየርና በውሃ ብቻ ከሚዝገው እጅግ ፈጥኖ ይበላል። ጭቃው ከጨዉ ጋር ፓራፋንጎ ሥር ገብቶ ይጋገርና በጋ እስኪመጣ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ስገዛት ከላይ የሚታየው በበሩ ሥር ምስር የምታህል የቀለም እብጠት ነበረች። በካቻቪቴ ጫፍ ስነካት ቀለሙ ተሰብሮ ቀይ ዱቄት ወረደ። ከውስጥ በኩል ምንጣፉን ስገልጠው ቀዳዳው መዳፌን ያሳልፋል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለት ላሜራ በተጣመረበት መሐል ገብቶ ይነፋል፤ ቀለም ላይ እስኪታይ ድረስ ውስጥ ሥራውን ጨርሷል። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ የወለሉን ሥር በጥቁር ሬንጅ ለቅልቆት ነበር። ሬንጁ ዝገቱን አላስቆመውም፤ እርጥበቱን ከውስጥ ዘግቶበት ኖሯል። ሬንጁን በሙቀት እያለሰለስሁ ስፍቀው ከሥሩ የወጣው ላሜራ በጣት ይሰበራል።

ወለሉ እንዲህ ቢሆንም አልደነገጥሁም። ወለል ይቆረጣል፣ ይተካል። እንቅልፍ የነሳኝ ሻንሲው ነበር። የእነዚህ ሱዙኪዎች ሻንሲ ዝግ ሳጥን ስለሆነ ከውስጥ ይበላል፤ በተለይ የኋላ ባሌስትራ በሚታሰርበትና አካሉ በላስቲክ ላይ በሚቀመጥባቸው ጆሮዎች ዙሪያ። እርስዎ እንደሚያደርጉት በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየነካሁ አዳመጥሁት። ጤነኛው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በግራ በኩል፣ ከኋላው ባሌስትራ ማሰሪያ ፊት ለፊት ድምፁ ሞተ። ያን ቦታ ጤነኛ ብረት እስካገኝ ድረስ በግራይንደር ቆርጬ አወጣሁት፣ በ3 ሚሊሜትር ብረት ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ በየድሁት። ሌላው ደህና ነው።

እዚህ በየሁለት ዓመቱ ቲዩፍ የሚሉት ምርመራ አለ። እንደ እኛ ቦሎ ማለት ነው፤ ለዝገት ግን ርኅራኄ የለውም። መርማሪው ራሱ መዶሻ ይዞ መኪናው ሥር ይገባል። ጭነት በሚሸከም ቦታ ላይ ስቱኮ ወይም ፋይበር የተለጠፈ ካገኘ ይመልስዎታል፤ ነጥብ በነጥብ ብቻ የተያዘ ልጥፍም በሻንሲ ላይ አይቀበልም። አንዳንዱ በዚህ ያማርራል። እኔ ግን መርማሪው ልክ ነው እላለሁ፤ ባሌስትራ በመንገድ ላይ ሲነቀል መኪናውን የሚያቆመው ስቱኮ የለም። በዚያው ላይ ከ30 ዓመት በላይ የሆነና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና «ኤች» ፊደል ያለበት ታርጋ ይሰጠዋል፤ ግብሩም በዓመት 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። አገሩ አሮጌ መኪናን በክብር ያቆያል ማለት ነው፤ ይህን ሳይ ግቢያችን ውስጥ ያለችው ሁልጊዜ ትታወሰኛለች።

የወለሉን ብየዳ ቢያዩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ በካርቶን ልኩን እቆርጣለሁ፤ ካርቶኑ ማዕዘኑ ላይ እስኪገጥም ድረስ ላሜራ አልነካም። ከዚያ 1 ሚሊሜትር ላሜራ ቆርጬ፣ አጥፌ እገጥመዋለሁ። በአንድ በኩል ነጥብ ጥዬ ወደ ተቃራኒው እሄዳለሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል እመለሳለሁ፤ ካልሆነ ላሜራው ይጎብጣል። እርስዎ በኦክስጅን ሲበይዱ እርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ይከቡ የነበረው ለዚሁ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። የጋዙ ነበልባል ሰፊ ቦታ ስለሚያሞቅ የእርስዎ ሥራ ከእኔው ይልቅ ከባድ ነበር። እማማ «እጇን ታቃጥላለች» ብላ እንዳትሰጋ፤ ጓንቴ እስከ ክርኔ ይደርሳል።

አሁን ወደ እርስዎ መኪና ልመለስ። አባባ፣ ደሴ ላይ ጨው አልነካትም። ዝናብ ይመታታል፣ ጭጋግ ያረጥባታል፤ ቢሆንም ያ ዝገት በአብዛኛው ላይ ላዩን ነው። እዚህ ያሉ የሱዙኪ ወዳጆች ጨው ያላየ አካል ለማግኘት ከጣሊያንና ከስፔን ደቡብ ድረስ ይፈልጋሉ። የእርስዎ ወለል የተበላው ለምን እንደሆነ እገምታለሁ፤ በሾፌሩ ተረከዝ ሥር ነው፣ እርጥብ ጫማ ከምንጣፉ ሥር ውሃ ስለሚያጠራቅም። ምንጣፉን አውጥተው ይመልከቱልኝ። ከበሮቹ ሥርና ከወለሉ ላይ ውሃ የሚወርድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጭቃ ተደፍነው ከሆነ በሽቦ ይክፈቷቸው። የፊት መስታወቱን የላስቲክ ጠርዝ ያንሱና ከሥሩ ይዩ። ከዚያ መዶሻዎን ይዘው ሻንሲውን እየነኩ ያዳምጡት። እርስዎ «ይጮኻል» ካሉኝ መኪናዋ ድናለች፤ ሌላ ሰው አልጠይቅም።

ማሙሽ፣ ይህ ለአንተ ነው። ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ባትሪውን ፍታ፣ የቤንዚን ታንኩን አውርደህ ከግቢው አርቀው። ባዶ ነው ብለህ አትዘናጋ፤ በባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ዚንክ የተነከረ ላሜራ ካገኘህ የሚበየደውን ጠርዝ ፍቀህ ዚንኩን አውጣ፣ የምትበይደውም ደጅ ይሁን፤ ጭሱ በትኩሳት ያስተኛል። ዝገት ይቀይራል የሚሉት ፈሳሽ ስስ ዝገት ላይ ይሠራል፣ የሚቀረፍ ዝገት ላይ ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ፈትገው። ስቱኮ ከብረት በኋላ ይመጣል፣ ለማለስለስ ብቻ፣ በስሱ። ቀዳዳ በስቱኮ ብትደፍን አባባ በመዶሻ ያገኙሃል።

ከብየዳው በኋላ መገጣጠሚያውን ሁሉ በማሸጊያ ዝጉት፣ ዚንክ ያለበት አንቲረስት ቀቡት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይታየው ቦታ ነው፤ የሻንሲው ውስጥ፣ የበሮቹ ውስጥ። እኔ እዚያ የረጨሁት ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት ነው። እርጥበትን ያባርራል፣ አይደርቅም፣ ስንጥቅ ውስጥ ይሳባል። የመንዝ በግ ባለበት አገር ይህ ቅባት ከውጭ መምጣቱ ያስቆጨኛል። የእኔው በቆርቆሮ ታምቆ የሚረጭ ስለሆነ አውሮፕላን አይጭነውም። በኮምፕሬሰር የሚሠራ፣ ረጅም ቱቦ ያለው መርጫ ግን ገዝቻለሁ፤ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው አለ፣ በእሱ እልከዋለሁ። ቅባቱን እዚያው ግሪስ በሞተር ዘይት አቅጥናችሁ፣ በፈላ ውሃ ላይ ሞቅ አድርጋችሁ መተካት ይቻላል። ፍሬኑንና ላስቲኮቹን እንዳይነካ ብቻ።

አባባ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለገንዘቧ ብዬ አይደለም። እኛን ሁላችንን ትምህርት ቤት ያደረሰች፣ እማማን ለወሊድ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያደረሰች መኪና በኪሎ ስትመዘን ልሰማ አልፈልግም። እርስዎም ቢሆኑ ጋራዡን ከዘጉ ወዲህ ቤት መዋሉ እንዳልተስማማዎት ማሙሽ አልደበቀኝም። እጁ የእሱ ይሁን፣ ዓይኑና ጆሮው የእርስዎ ይሁን። ለላሜራው፣ ለጋዙና ለቀለሙ የሚያስፈልገውን በየወሩ በባንክ እልካለሁ፤ ይህን አስቤበት ነው የምናገረው።

ለእማማ፣ ለእትዬ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። የወለሉንና የሻንሲውን ፎቶግራፍ ማሙሽ አንስቶ በስልክ ይላክልኝ፤ ምንጣፉ ተነሥቶ፣ ጭቃው ታጥቦ፣ በቀን ብርሃን። ነጋዴው ቀብድ ሰጥቶ ከሆነ መልሱለት፤ የቀብዱን ብር ነገ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ከፍራንክፈርት