ግልጽ ደብዳቤ ለማዕድን ሚኒስቴር፦ ማዕድኑ ሲያልቅ ጉድጓዱን ማን ይዘጋዋል?

ለማዕድን ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የማሪንዱኬን ታሪክ እንድታዩልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ የምፈልገውን ከመጀመሪያው ልናገር። ለትልልቅ የማዕድን ሥራዎች ፈቃድ ስትሰጡ፣ ማዕድኑ ሲያልቅ ቦታውን ለመዝጋትና ለማጽዳት የሚያስፈልገው ገንዘብ ቁፋሮው ሳይጀመር ባንክ ይግባ። ስንት እንደሆነና በማን ስም እንደተቀመጠም ሕዝብ ይወቀው። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ቀሪው ደብዳቤ ለምን ይህን እንደምል ይናገራል፤ ታሪኩ የፊሊፒንስ ነው፣ ማሪንዱኬ የምትባል ደሴት ላይ የሆነ።

ማሪንዱኬ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ናት። ስፋቷ 950 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአዲስ አበባን እጥፍ አትሞላም። በ2020 በተደረገው ቆጠራ 239 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ ነው።) ሰዉ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሩዝና ኮኮናት ያመርታል። በካርታ ላይ ስትታይ የልብ ቅርጽ ስላላት ነዋሪዎቿ የፊሊፒንስ ልብ ይሏታል።

በ1969 ማርኮፐር የሚባል ኩባንያ ታፒያን ተራራ ላይ መዳብ ማውጣት ጀመረ። ከአክሲዮኑ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው የካናዳው ፕሌሰር ዴቨሎፕመንት ነበር፤ ይህ ኩባንያ በኋላ ፕሌሰር ዶም ተባለ። ፕሬዚዳንት ማርኮስ በ1986 ከሥልጣን ሲወርዱ ደግሞ እሳቸውም በሌሎች ስም ተሸፋፍነው ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ታወቀ። ያ ድርሻ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። እንግዲህ ተቆጣጣሪውም ባለአክሲዮኑም ያው መንግሥት ሆነ ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መዳብ ሲወጣ ከድንጋዩ ውስጥ የሚፈለገው ጥቂት ነው። ቀሪው ተፈጭቶ፣ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ፣ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። የትም ማዕድን ቤት ዋናው ራስ ምታት ይህን ዝቃጭ የት እናድርገው የሚለው ነው። ማርኮፐር ከ1975 እስከ 1991 ድረስ ካላንካን በሚባል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ደፋው። 16 ዓመት ሙሉ፣ 200 ሚሊዮን ቶን ገደማ። ዝቃጩ ተከምሮ ተከምሮ ከባሕሩ ወጣና ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ምላስ መሬት ሠራ፤ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የኮራሉ ድንጋይና የባሕሩ ሣር ከሥሩ ተቀበረ። ዓሣው የሚራባው እዚያ ስለነበር ዓሣ አጥማጁ ባዶ እጁን መመለስ ጀመረ። በኋላ በባሕሩ ዳር የሚኖሩ ሕፃናት ደም ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት፤ ብረቱን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪው ልመለስ። በ1988 የአገሪቱ የብክለት ጉዳዮች ቦርድ ማርኮፐር ዝቃጭ ወደ ባሕር መድፋቱን እንዲያቆም አዘዘ። ደስ አይልም? ግን ብዙም ሳይቆይ የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ትእዛዙን አገደውና ኩባንያው እየደፋ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በምትኩ ለባሕሩ ማገገሚያ በቀን 30 ሺህ ፔሶ እንዲከፍል። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 1,400 ዶላር ገደማ ነው። ለአንድ ባሕረ ሰላጤ! በ1991 መድፋቱ ሲያበቃ መክፈሉም አበቃ፤ መክፈል አለብህ የለብኝም የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ዝቃጩ ግን ሄዶ አያውቅም፣ እዚያው ነው።

ይህን የምነግራችሁ የፊሊፒንስን መንግሥት ለመውቀስ አይደለም፣ የራሳችን ይበቃናል። የእኛም ሕግ መንግሥት በትልልቅ የማዕድን ሥራዎች ውስጥ ነፃ ድርሻ እንዲኖረው ያደርጋል። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፣ አገር ከሀብቷ ልትጠቀም ይገባል። ችግሩ ከትርፉ የሚካፈለው አካል አንድ ቀን «ይህ ማዕድን ዛሬ ይዘጋ» ብሎ መፈረም ሊኖርበት መቻሉ ነው። ያን ቀን እጁ አይንቀጠቀጥም ወይ? ስለዚህ ነው የጽዳቱ ገንዘብ ከሁለቱም ወገን ኪስ ርቆ ይቀመጥ የምለው።

ቀጥሎ የመጣው ሞግፖግ ነው፤ ይህ እዚያው ደሴት ላይ ያለ ሌላ ከተማና ወንዝ ነው። ሁለተኛው የመዳብ ጉድጓድ ሳን አንቶኒዮ ሲከፈት፣ ከዚያ የሚወርደው አፈር ወንዙን እንዳይሞላው ተብሎ ከላይ በኩል የአፈር ግድብ ተሠራ። የሞግፖግ ሰዎች ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ተቃውመው ነበር። በታኅሣሥ 1993 ከባድ ዝናብ ያመጣ አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግድቡ ተደረመሰ፤ ጎርፉ ቤትና ከብት ጠረገ፣ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ኩባንያው «ጥፋቱ የአውሎ ነፋሱ ነው» አለ። ፊሊፒንስ እኮ በየዓመቱ በአውሎ ነፋስ የምትመታ አገር ናት! አውሎ ነፋስ የማይችል ግድብ እዚያ ለምን ተብሎ ይሠራል?

ከዚያ 1996 መጣ። በባሕሩ መድፋት ሲቆም ዝቃጩ ሌላ ቦታ ፈለገ፤ ያለቀው የታፒያን ጉድጓድ ደግሞ ባዶውን ተቀምጧል። እዚያ እንሙላው ተባለ። ብልህነት ይመስላል። ግን ጉድጓዱ ሥር ድሮ ውሃ ማፍሰሻ የነበረ ዋሻ ነበር፤ ወደ ወንዝ የሚወጣ። በኮንክሪት ደፈኑትና ከላይ ብዙ ሚሊዮን ቶን እርጥብ ዝቃጭ ጫኑበት። ከአደጋው ወራት አስቀድሞ በዋሻው በኩል ፍሳሽ ሲያንጠባጥብ ታይቶ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 1996 ድፍኑ ለቀቀ። 1.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚገመት ዝቃጭ ወደ ማኩላፕኒት፣ ከዚያም ወደ ቦአክ ወንዝ ገባ። ቦአክ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የሚገኝበት ወንዝ ነው፤ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመቱ ግራጫ ጭቃ ሆነ። መንደሮች ከውጭው ዓለም ተቆረጡ፣ ሰው ተፈናቀለ፣ ወንዙ ሕይወት የሌለው ተብሎ ታወጀ። ዓሣውም፣ ሽሪምፑም፣ ከወንዙ የሚጠጣው የመስኖ እርሻም አበቃለት።

ማዕድኑ በዚያው ተዘጋ። ሥራውም አብሮ ሄደ። «ማዕድን ሥራ ይፈጥራል» የሚለውን ወሬ ስሰማ ሁልጊዜ ይህ ነው የሚታወሰኝ፤ እውነት ነው፣ ይፈጥራል፣ እስኪዘጋ ድረስ።

እና ማን አጸዳው? ሐቁን ለመናገር ካናዳውያኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ገንዘብ አውጥተዋል፣ ለአንዳንድ ነዋሪዎችም ካሳ ከፍለዋል። ቦአክ ወንዝ ውስጥ የቀረውን ዝቃጭ ግን በቧንቧ ወደ ባሕር ጥልቀት እንልቀቀው የሚል ሐሳብ አመጡ። ከካላንካን በኋላ! መንግሥት ይህን አልፈቀደም። ፕሌሰር ዶም በማርኮፐር የነበረውን ድርሻ በ1997 ሸጠ፣ በ2001 ደግሞ ጠቅልሎ ከአገሩ ወጣ። በ2006 ባሪክ ጎልድ የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ ራሱን ፕሌሰር ዶምን ገዛው። አሁን እዳው የማን ነው? የሸጠው? የገዛው? በደሴቲቱ ላይ ስሙ ብቻ የቀረው ማርኮፐር?

ክፍለ ሀገሩ መልሱን ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ሄዷል፤ በ2005 ኔቫዳ ውስጥ ከሰሰ። አስር ዓመት ተከራከሩ። በመሃል ባሪክ በ20 ሚሊዮን ዶላር እንታረቅ ብሎ ነበር፣ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሁኔታዎቹ አልተዋጡለትምና እንቢ አለ። በ2015 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እዚህ የሚታይ አይደለም የሚለውን ውሳኔ አጸና። ስለ ጥፋቱ ምንም ሳይባል ማለት ነው፤ አስር ዓመት የፈጀው በር ላይ ቆሞ መከራከር ነበር።

በአገር ቤት ደግሞ የሞግፖግ ሰዎች ስለ 1993ቱ ግድብ በ2001 ከሰሱ። ውሳኔው የመጣው በ2022 ነው። ፍርድ ቤቱ ለከሳሾቹ ፈረደ፣ ለእያንዳንዳቸው 300 ሺህ ፔሶ። ሃያ አንድ ዓመት! ያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው አሁን ልጅ አሳድጓል።

ይህን ሁሉ ሳነብ የገረመኝ ሌላም ነገር አለ። ፊሊፒንስ ሕግ አላጣችም። የማዕድን ሕጓ በመጋቢት 1995 ወጣ፣ ከቦአክ አደጋ አንድ ዓመት ቀድሞ። ኩባንያ ለአደጋና ለማገገሚያ ገንዘብ አስቀድሞ ያስቀምጥ የሚለው ዝርዝር ደንብ ግን የተስተካከለው በ1996 መጨረሻ፣ ወንዙ ከሞተ በኋላ ነው። ለመጨረሻ መዝጊያ የሚሆን የተለየ ፈንድ በዝርዝር የመጣው ደግሞ በ2005። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኛ ግን ጅቡ ገና እየመጣ ነው፤ ጊዜ አለን።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለአካባቢ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ታዲያ «ይመድባል» ማለት ምን ማለት ነው? በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው ወይስ ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ብር? ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት የሚያከራይ ሰው እንኳን ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበል ቁልፍ አይሰጥም። ተራራ የሚያከራይ መንግሥት በወረቀት ቃል ብቻ ቁልፉን ሊያስረክብ አይገባም።

የለገደንቢን የወርቅ ማዕድን ማንሳት ግድ ነው። በ2010 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር፣ የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ ልጆቻችን ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ ብሎ አደባባይ ወጣ፣ ፈቃዱም ታገደ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። ከዓመታት በኋላ ማዕድኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። ማን ትክክል እንደሆነ ፌስቡክ ላይ ልፈርድ አልመጣሁም። የምጠይቀው ግን አለ፤ ያኔ የተደረጉት ጥናቶች ሙሉ በሙሉ ይውጡ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ነዋሪው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ። ማሪንዱኬ ውስጥ ነገሩን ያባባሰው አንዱ ነገር ምን ተገኘ የሚለውን ሰው ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በ2000 ሄደው አይተው፣ ከተቆፈረው ድንጋይ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ እየወጣ መሆኑንና ግድቦቹ እንደሚያሰጉ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ሰልፈር አለ፤ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል፣ አሲዱም ብረቶቹን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወስዳቸዋል። ይህ ኩባንያው ስለሄደ አይቆምም። ለአስርት ዓመታት ይቀጥላል፤ ለዚያ ነው የመዝጊያው ገንዘብ ትንሽ ሊሆን የማይችለው።

አሁን ቤኒሻንጉል ውስጥ ኩርሙክ አለ፣ ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ቱሉ ካፒ አለ። ሁለቱም ወርቅ ናቸው፣ ሁለቱም ዝቃጭ ይኖራቸዋል። እነዚህን ኩባንያዎች በምንም አልከስም፣ ሥራቸውን በደንብ ሊሠሩም ይችላሉ። ግን ከእነሱ ጋር የተፈራረማችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቼን ለእናንተ ላቅርብ፦ የዝቃጩ ግድብ ሲሞላ ምን ይሆናል? የሚዘጋበት ወጪ ስንት ተብሎ ተገመተ፣ የገመተውስ ማን ነው፣ ኩባንያው ራሱ ወይስ ገለልተኛ ባለሙያ? ገንዘቡ የት ባንክ ነው? ኩባንያው ነገ ድርሻውን ለሌላ ቢሸጥ ግዴታው አብሮ ይሸጣል? ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ ፍሳሽ ቢያይ የሚደውልበት ቁጥር አለው? ደውሎስ የሚያነሳለት አለ?

የወርቅ ኤክስፖርት ስንት እንደደረሰ በየወሩ በጥሩ ፎቶ ታሳውቁናላችሁ፤ ጎበዞች ናችሁ፣ እናያለን። ከዚያው ገጽ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ጨምሩልን፦ የኩባንያው ስም፣ ለመዝጊያ የተገመተው ወጪ፣ እስከዛሬ ባንክ የገባው። ሦስት ዓምድ ብቻ። ከኩርሙክና ከቱሉ ካፒ መጀመር ትችላላችሁ።

አንድ ተራ ዜጋ