የእሑድ ስብሰባ፦ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችን በየተራ ስለማገዝ

የቅሬያችን (የዕድራችን) አባላት፣ ሰላም ናችሁ?

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በቅሬው ቤት እንገናኝ። ከቅዳሴም ከዙህር ሶላትም በኋላ ስለሆነ ለሁላችንም ይመቻል። የምንወስነው በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን እንደሚያግዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዳገቱ ላይ ያሉትን እናታችንን ልጠይቅ ሄጄ፣ ባዶ ጀሪካን አጠገባቸው አስቀምጠው በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ውሃ መጥቶ ነበር፤ የሚቀዳላቸው ሰው ግን አልነበረም። የምርኩዛቸው ጫፍ ጎማም አልቆ እንጨቱ ድንጋዩ ላይ ያንሸራትታል። የደሴን ዳገት በዝናብ ታውቁታላችሁ። ቅሬ ለቀብር ብቻ መሆን የለበትም፤ በቁም እንድረስላቸው።

ስትመጡ በአቅራቢያችሁ እገዛ የሚሻ ሰው ምን እንደጎደለው አጣርታችሁ ኑ። መጀመሪያ ግን ራሱን ጠይቁት፤ ሳይፈቅድ ስሙ አይመዝገብ። የጤና መድኅን ደብተሩ መታደሱንም እዩለት። መክፈል ለማይችሉ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ፣ ለቀበሌው በጋራ እናመለክታለን።

አካል ጉዳተኛ አባሎቻችን ራሳቸው ቢገኙ በጣም ደስ ይለናል። መንገዱ ለሚከብዳቸው ባጃጅ እንልካለን። የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

እስከ ዓርብ ማታ “እመጣለሁ” ብላችሁ እዚሁ ግሩፕ ላይ መልሱልኝ። የማይመቻችሁ ደግሞ ውሃ ለመቅዳት ወይም ጤና ጣቢያ ለማድረስ የምትችሉበትን ቀን ጻፉ።