ለየትኛው ወንበር ነው የሚወዳደረው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ወሎ ውስጥ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ጨዋታ የለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ተቀምጦ ያለፈው ዓመት መዋጮ ስንት ገባ፣ ለስንት ሐዘን ወጣ፣ ድንኳኑና ድስቱ በማን እጅ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሒሳቡ ያልገጠመለት ሰው የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ደብተሩን ዳግም አይይዝም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው የምክር ቤት እጩ ፊቱ ሲቆም ግን ሚዛኑን ቤቱ ጥሎ ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነ ያጣራል፣ አነጋገሩን ያደምጣል፣ የገባውን ቃል ይቆጥራል። እጩው የሚፈልገው ወንበር ያንን ቃል የመፈጸም ሥልጣን አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በተወካዮቻችን ላይ ከምናሰማው ቅሬታ ብዙው ለማይመለከተው ሰው በቀረበ ጥያቄ ስለሚጀምር ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንድ የተሁለደሬ ወይም የደላንታ ገበሬ ከላይ እስከ ታች በአራት ምክር ቤቶች ሥር ይኖራል፦ በሕዝብ ተወካዮች፣ በክልል፣ በወረዳና በቀበሌ። ዞኑ ከነዚህ ውስጥ የለም። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ዞኖች የክልሉ አስተዳደር ክንፍ ናቸው፤ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት የላቸውም። ስለዚህ "ዞን ላይ ሆኜ አስፈጽምላችኋለሁ" የሚል እጩ የሌለ ወንበር እየሸጠ ነው። ከሚሴና ሰቆጣ ከዚህ ይለያሉ፤ የኦሮሞና የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ደግሞ በከተማ ምክር ቤት ይተዳደራሉ።

ቁጥሩንም ማወቅ ይጠቅማል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፤ ከነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። የክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። አዲስ አበባ የምንልከው ሰው ከ547 አንድ ድምፅ ነው። ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራሉን በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትሮችን ይጠይቃል። የቀበሌያችሁን ምንጭ አያጎለብትም፤ አጎለብታለሁ ካለ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁት ተማምኗል። ባሕር ዳር የሚሄደው ደግሞ የክልሉ ድጎማ ለየወረዳው የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስን ሰው ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ክልሉን የሚወክሉትንም የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ በመላ አገሪቱ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበት ቀመር የሚወሰነው እዚያ ነው። ብዙ መራጭ ለክልል ምክር ቤት የሚሰጠውን ወረቀት እንደ ተጨማሪ ነገር ቆጥሮ በችኮላ ምልክት ያደርግበታል። ለወረዳው ገንዘብ ግን ከሁለቱ ወረቀቶች ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ነው።

የማዳበሪያን ጉዳይ እንመልከት፤ በቅስቀሳ ጊዜ ከሱ በላይ የሚነሳ ነገር የለምና። ዳፑም ዩሪያውም የሚገዛው በፌዴራል ደረጃ ነው፤ ጨረታው፣ የውጭ ምንዛሪው፣ የመንግሥት ድጎማውም እዚያው ይወሰናል። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት) መጋዘን ይገባል፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሄዳል፣ ገበሬው የሚያገኘው ከማኅበሩ ነው። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚነገረው ግን በተቃራኒው መንገድ ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየጎጡ መዝግቦ ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ላይ ይልካል። ስለዚህ "ማዳበሪያ ተወደደ" የሚለው ጥያቄ የፓርላማ እጩው ነው። "መጋዘን ገብቶ ሳለ ለኛ አልደረሰም" ወይም "ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ" የሚለው የወረዳውና የማኅበሩ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ስብሰባ ሁለቱንም ተጠያቂ ያስመልጣል፤ የፓርላማው ሰው ጥፋቱን ወደ ማኅበሩ ይገፋል፣ የማኅበሩ ሰው ወደ ጅቡቲ።

እዚህ ላይ ለወሎ ደጋ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አለ። ደላንታ፣ ለጋምቦና ደሴ ዙሪያ በልግ ያመርታሉ። በልግ የሚዘራው በየካቲት አካባቢ ስለሆነ ማዳበሪያው በጥር ማኅበሩ መጋዘን መግባት አለበት። የአገሪቱ ግዥ ግን በዋናነት የሚታሰበው ለመኸር ነው። በሚያዝያ የደረሰ ማዳበሪያ ለበልጉ ምንም አይሠራም። እጩውን "ማዳበሪያ ታመጣለህ?" ብሎ መጠየቅ "አዎን" የሚል መልስ ብቻ ያስገኛል። "የበልግ ማዳበሪያ በጥር እንዲገባ የግዥውን መርሐ ግብር የሚወስነው ማን ነው? አንተስ እዚያ ምን ልትል ትችላለህ?" ሲባል ግን የሚያውቀውና የማያውቀው ወዲያው ይለያል።

ውኃም እንዲሁ ነው። የእጅ ፓምፕ ከተተከለ በኋላ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ጎማው አልቆ መለዋወጫ ስለማይገኝ ወይም የውኃ ኮሚቴው መዋጮ መሰብሰብ ስላቆመ ነው። አዲስ ጉድጓድ እቆፍራለሁ የሚልን ሰው አስቀድሞ "በወረዳው ተበላሽቶ የቆመው ስንት ነው?" ማለት ተገቢ ነው። ጥገናው በትንሽ ገንዘብ ያልቃል፤ ሪባን ስለማይቆረጥበት ግን ማንም ቃል አይገባበትም። መንገድን በአጭሩ ልለፈው፦ አስፋልቱ የፌዴራል፣ የገጠር መጋቢው የክልል፣ ጥርጊያው የወረዳና የኅብረተሰቡ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ባቡር ጉዳይ በወረዳ ስብሰባ ላይ ቃል የሚገባበት አይደለም።

የወረዳው ገንዘብ እንዴት እንደሚወጣ ያወቀ መራጭ በቀላሉ አይሸነገልም። ከክልሉ በቀመር የሚመጣው ድጎማና ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው ገቢ ይደመራል። ከሁሉ በፊት ደመወዝ ይነሳለታል፤ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው የሚከፈላቸው ከዚህ ነው። ከዚያ ሥራ ማስኬጃ። ለግንባታ የሚተርፈው፣ ካፒታል በጀት የሚባለው፣ ትንሹ ክፍል ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ክልሉ ካጸደቀ በኋላ የወረዳው ምክር ቤት የራሱን ያጸድቃል። ከዚያ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ያልተጠየቀ ትምህርት ቤት በጥቅምት ቢጠየቅ መልሱ "በጀት የለም" ነው፤ ያ መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የወረዳውን ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት፣ ካልተለጠፈም ይለጠፍልን ማለት የማንም ነዋሪ መብት ነው። የሚታየውም ሦስት ነገር ነው፦ አምና ለካፒታል ስንት ተያዘ፣ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ፣ ለየትኛው ቀበሌ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ የሚወስነው የወረዳ ምክር ቤት ነው፤ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተደረገው ግን ሚያዝያ 2005 ነበር። በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ እኛ ዘንድ የተመረጠው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነው። በ2005 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2013 ዕድሜው ለምርጫ ደርሷል፤ ለቤቱ ቅርብ ለሆነው ምክር ቤት ግን ድምፅ ሊሰጥ አልቻለም። ለፓርላማና ለክልል የሚወዳደር ማንኛውም ሰው "የአካባቢ ምርጫ እንዲደረግ ትጠይቃለህ?" ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከመቶ የልማት ቃል ይልቅ የዚህ መልስ ስለሰውየው የበለጠ ይናገራል። በአካባቢያችን ባለው የጸጥታ ችግር ሰው ሰብስቦ መነጋገር ራሱ የሚከብድባቸው ወረዳዎች እንዳሉ አልዘነጋም፤ በዚህ ሁኔታ ላይም እጩው ምን እንደሚል መስማት ከመመዘኛው አንዱ ነው።

ሴፍቲኔትን በተመለከተ ዝም ማለት አይቻልም። ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ በብዙ የወሎ ወረዳዎች አለ። ማን ይታቀፍ የሚለውን የሚለየው የቀበሌና የጎጥ መራጭ ኮሚቴ ነው፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ቅር የተሰኘ ደግሞ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ድምፅ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት አንድም መንገድ የለም። "ካልመረጣችሁ ከሴፍቲኔት ትወጣላችሁ" የሚል ሰው ሕግ ይጥሳል፣ ደግሞም ይዋሻል፤ ድምፅ በምስጢር ስለሚሰጥ ማን ለማን እንደሰጠ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ለእናቶችና ለአረጋውያን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ፍርሃቱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ጥሪት የሌለው ሰው ደግሞ ዛቻን ሊሞክረው አይደፍርም።

ምርጫው ዕለት ድምፅ የሚባክንባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት መራጭ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ከገጠር ወጥተው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያቸውን ሳያዛውሩ ምዝገባ ይመጣል፣ ተመልሰው እንዳይመዘገቡ ደግሞ ሥራ አይለቃቸውም። አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1,500 መራጭ ስለሆነ መጨረሻ ቀን የመጣ ሰው ሞልቷል ሊባል ይችላል። ሁለተኛው የክልል ምክር ቤት ወረቀት ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለክልል ምክር ቤት ግን አንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ወንበር ሊኖረው ይችላል። ወንበሩ ስንት እንደሆነ ከአስፈጻሚው ጠይቆ መግባት ነው፤ ከቁጥሩ በላይ ምልክት ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም። ምልክቱ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ነው። ስም ወይም ፊርማ የተጻፈበት፣ አሻራው በሁለት እጩ መካከል ያረፈ ወረቀት ይጣላል። ቀለም በብዛት የነካ ጣት ወረቀቱ ሲታጠፍ ሌላው እጩ ላይ ስለሚያትም ቀለሙ እስኪደርቅ ትንሽ መታገሥ ይበጃል። ማየት የተሳነው ወይም እጁ የማይታዘዝለት ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ ነፍሰ ጡርና አረጋዊም ወረፋ አይጠብቁም።

የእኛ ሥርዓት የአብላጫ ድምፅ ነው። ለምሳሌ ከ20,000 ድምፅ አራት እጩዎች 8,000፣ 6,500፣ 4,000 እና 1,500 ቢያገኙ ወንበሩ የ8,000 ባለቤት ነው፤ 12,000 ሰው ያልመረጠው ሰው ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ለየብቻ የሚቆሙ እጩዎችን "ለምን አልተባበራችሁም?" ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይደረጋል፣ ውጤቱም ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። የየጣቢያውን ቁጥር በስልክ አንስቶ ወይም በደብተር ገልብጦ የምርጫ ክልሉ ከሚያሳውቀው ድምር ጋር ማመሳከር ለአንድ ቅሬ ወጣቶች የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከወሬ ይልቅ ቁጥር ይዞ አቤት ማለት የሚቻለው እንዲህ ነው።

ከምርጫ በኋላ የሚጠፋ ተወካይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ተወካዩ ወደ መረጠው ሕዝብ መውረድ ያለበት በዚያ ወርና በክረምት ነው። ሲመጣ ስብሰባውን የሚጠራው የወረዳ አስተዳደሩ ከሆነ የሚጠየቀውን የሚመርጠውም አስተዳደሩ ይሆናል። ቅሬዎች፣ የሴቶች ማኅበራትና ነጋዴዎች ጥያቄያቸውን አስቀድመው በጽሑፍ አስገብተው፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተው ቢይዙ ግን በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ወረቀት አውጥተው "የት ደረሰ?" ማለት ይችላሉ። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን መብት ማስታወስ ማስፈራራት አይደለም።

አንድ ጥያቄ ለጋዜጣችሁ አለኝ። የምርጫ ቅስቀሳ በደረሰ ቁጥር የእጩዎችን ንግግር ታትማላችሁ። ከየቃሉ አጠገብ አንዲት አጭር መስመር ብትጨምሩ፦ ይህን የሚወስነው የትኛው ምክር ቤት ነው፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት ይወጣል፣ እጩው የሚወዳደረውስ ለዚያ ወንበር ነው ወይ? የመራጮች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቢታተም ደግሞ በየቅሬው ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከደሴ