ከኬፕታውን መልስ

ይድረስ ለኮልፌዋ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ እንዲህ ነበር የምንጀምረው፣ አይደል? አንቺም አልጻፍሽም፣ እኔም አልጻፍኩም፤ ተያይዘናል። ስለዚህ መወቃቀስ የለም። መጀመሪያ ሥራ በዛ። ቀጥሎ እማዬ ታመመች (አሁን ደህና ናት፤ ቡናዋንም ቁጣዋንም ቀጥላለች)። ከዚያ በኋላ ግን እንዲሁ ዝምታው ዝምታ እየወለደ ሄደ። አሁን ወሬ ይዤ ስለመጣሁ አላስችል አለኝ።

ኬፕታውን ሄጄ ነበር። ለስብሰባ አይደለም፣ ለሥልጠናም አይደለም። ለጉብኝት! «ምን ልትሠሪ ነው?» ሲሉኝ «ልጎበኝ» ብል ማን ይመነኝ። «ትመለሻለሽ ግን?» ያሉኝም አሉ። የቪዛውን ነገር አላወራሽም፤ አንቺም ያለፍሽበት ነው፣ እንደገና አንቃጠል። በረራው ግን ከቦሌ ቀጥታ ነው፤ ቁርስ ተበልቶ፣ ትንሽ ተተኝቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ።

መጀመሪያ የሚታይሽ ተራራው ነው። ቴብል ማውንቴን ይሉታል። አናቱ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል፣ ለጥ ያለ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ። ልክ የእኛ አምባ ማለት ነው፣ ግን ከሥሩ ከተማና ባሕር አለው። ከፍታው 1,086 ሜትር ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ እኮ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ናት! አስጎብኚው «ከፍታው ሊያዞራችሁ ይችላል» ሲለን እኔ ሳሎኔ ተቀምጬም ከዚህ በላይ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጉዳዩ ግን ቁመቱ አይደለም። ከባሕሩ ጠርዝ ብድግ ብሎ መቆሙ ነው።

የሚወጣው በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ኬብል መኪና ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተ ነው፤ የዛሬዎቹ መኪኖች ወለላቸው እየዞረ ስለሚወጣ ለመስኮት መጋፋት የለም፣ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ነፋስ ከበረታ ይዘጋል። እኔም መጀመሪያ ስሄድ ተዘግቶ ተመለስኩ። የነፋሱን ነገር ተዪው! በእነሱ በጋ፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ሰሞን፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ሰው ያንገዳግዳል። የከተማውን ጭስ ጠርጎ ስለሚወስድ «ዶክተሩ» ይሉታል። እኔን ግን አላከመኝም፤ ሻሼን ወስዶ ባሕር ከተተው። ያው ነፋስ ነው ተራራው አናት ላይ ነጭ ደመና የሚያለብሰው። ደመናው በጠርዙ እየፈሰሰ ይወርድና ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋል። ቁጭ ብዬ ሳየው ስንት ሰዓት እንዳለፈ እንጃ።

ባሕሩ? ካምፕስ ቤይ የሚባለው ጋ አሸዋው ነጭ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ሰዉ ራቁቱን ሊሆን ትንሽ የቀረው። እኔም ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። ወይ ጉዴ! ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገብቼ አጥንቴ ጮኸ። ለካ ያ ነፋስ የላዩን ሙቅ ውሃ ወደ ውጭ እየገፋ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ያወጣል። በበጋም በረዶ ነው። መዋኘት የፈለገ ተራራውን ዞሮ ወደ ፎልስ ቤይ፣ ሙይዘንበርግ ይሄዳል። እዚያ ውሃው ይሻላል። እኔ እንደሆነ ዋና የማልችል፣ የትም ቢሆን ቁርጭምጭሚት ድረስ ነኝ።

እዚህ ድረስ ቱሪስት ነበርኩ። የድሮው እስር ቤት ያለበት ሮበን ደሴት ከሄድኩ በኋላ ግን ተራራውን በዚያ ዓይን ማየት አቃተኝ።

በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ደሴቷ ጠፍጣፋ ናት፣ ጥንቸልና ቁጥቋጦ። እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእኛው አስጎብኚ ሸበቶ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። የማንዴላን ክፍል አሳየን። ምንጣፍ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ በቃ። ከ27ቱ የእስር ዓመታት 18ቱን እዚህ ነው ያሳለፉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1982። ኖራ ድንጋይ የሚፈልጡበትንም ቦታ አየን። ነጩ ድንጋይ የፀሐይዋን ብርሃን እየመለሰ ዓይናቸውን ጎድቶት፣ ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነውም በፍላሽ ፎቶ እንዳይነሱ ይጠየቅ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን የምግቡ ዝርዝር ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እስረኛው እንኳ በዘር ተመድቦ ነበር። ክልስና እስያዊ ለሆነው አንድ አውንስ ጃም አለው። ለጥቁሩ የጃሙ መስመር ላይ «የለም» ይላል። አስቢው፣ አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ብዕር ይዞ፣ ይህን አስልቷል። ስለ ጭካኔ ብዙ ሰምተናል፤ እንዲህ በሠንጠረዥ ተሠርቶ ግን አላየሁም ነበር።

ደግሞ የሌላው የነጻነት ታጋይ፣ የሮበርት ሶቡክዌ ቤት አለ። የተፈረደባቸውን ሦስት ዓመት ጨርሰው ሳለ፣ ፓርላማው ለእሳቸው ሲል በየዓመቱ የሚታደስ ሕግ አውጥቶ ደሴቷ ላይ ስድስት ዓመት ለብቻቸው አስቀመጣቸው። ከሌላ እስረኛ ጋር ማውራት ክልክል ነበር። እስረኞቹ በአጠገባቸው ሲያልፉ እሳቸው አፈር ዘግነው በጣቶቻቸው መሃል ያፈሱላቸው ነበር ይባላል። «የዚህች አፈር ልጆች ነን» ማለታቸው ነው።

አስጎብኚው በመጨረሻ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስል ፊቱ በራ። «ኮልፌ!» አለኝ። እስኪ አስቢው፣ አዲስ አበባ እንኳ አላለም! ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 መጥተው እናንተ ሰፈር የወታደር ሥልጠና መውሰዳቸውን ነው። አገራቸው በተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ ነበር የተያዙት። የቅርብ ጓደኛዬ የኮልፌ ልጅ ናት አልኩት፤ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ያንቺን ሰላምታ ነው የተቀበልኩት፣ አደራ እንዳይጠፋ።

ከደሴቷ ስትመለሺ ተራራው ፊት ለፊት ነው። ቁልጭ ብሎ፣ ከነከተማው። ያኔ ነው የገባኝ። እስረኞቹም በየቀኑ ያዩት ነበር። ማታ ማታ የከተማውን መብራት ሳይቀር።

በማግስቱ ዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ገባሁ። መሐል ከተማ ያለች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ጥቁር፣ ክልስ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966፣ ፌብሩዋሪ 11፣ «የነጮች ብቻ» ተባለ። ከ60,000 በላይ ሰው ወደ አሸዋማው ሜዳ፣ ኬፕ ፍላትስ ተነቅሎ ሄደ፣ ቤቶቹ በዶዘር ተደመሰሱ። (የሚገርመው፣ ማንዴላም የተፈቱት በዚሁ ፌብሩዋሪ 11 ነው፣ በ1990።) ከመሬቱ ብዙው ዛሬም ባዶ ነው። ከተራራው ሥር፣ ውድ ቦታ ላይ፣ ሣር በቅሎበት።

የሙዚየሙ ወለል ላይ የሰፈሩ ካርታ ተነጥፏል። የተነሱት ሰዎች እየመጡ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል። አንዲት ትልቅ እናት ተንበርክከው ለልጅ ልጃቸው በጣታቸው መንገድ ያሳያሉ። እዚህ ዳቦ ቤቱ፣ እዚህ መታጠፊያው፣ እዚህ እኛ። ልጁ ስልኩን ያያል፤ እሳቸው አልተዉም።

እኔ ደግሞ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ዶሮ ማነቂያን ብትመጪ አታውቂውም። እኛ ቤት የነበረበት ጋ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ማታ መብራቱ ያምራል፣ እኔም እሄድበታለሁ። የዘር ሕግና ይሄ አንድ አይደለም፤ ላመሳስለው አልፈልግም። ግን እዚያ ወለል ላይ ቆሜ «የእኛን ካርታ ማን ያነጥፍልን?» ማለቴ አልቀረም። ይቅር፣ ይሄን በስልክ እናወራዋለን።

ወጥቼ ግራንድ ፓሬድ የሚባለው አደባባይ ሄድኩ። ማንዴላ በተፈቱ ዕለት ለሕዝቡ የተናገሩት ከፊት ለፊቱ ካለው የማዘጋጃ ቤት በረንዳ ላይ ነው፤ ዛሬ ሐውልታቸው ቆሞበታል። አደባባዩ ላይ ልብስ፣ መነጽር፣ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ከቀበቶ ክምር ኋላ «አበሻ ነሽ?» የሚል ድምፅ።

ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ልጅ ነው። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ፣ በየብስ። መጀመሪያ ጥቁሮቹ ሰፈር ሱቅ ነበረው፤ ሁከት ሲነሳ ተዘርፎ ነፍሱን ብቻ ይዞ ወጣ። ይህን ሲነግረኝ ለሌላ ደንበኛ መልስ እየቆጠረ ነው።

«ሥራ ፈልገሽ ነው?»

«አይ፣ ልጎበኝ።»

«ምኑን?»

ተራራውን በአገጬ አሳየሁት። ዞር ብሎ አየው፣ ገና መኖሩን እንዳወቀ።

«ወጥተኸው ታውቃለህ?»

«ሱቁን ለማን ትቼ?»

ቻርጀር ልገዛ ነበር የቆምኩት። ሂሳብ አልቀበልም አለ። «ሻይ እንኳን አልጋበዝኩሽ» ብሎ። ተጣላን፣ አሸነፈኝ። በዚህ መሃል ከኮረብታው ላይ መድፍ ሲተኮስ ዘለልኩ። ከእሁድና ከበዓል ቀን በቀር በየቀኑ ቀትር ላይ የሚተኮስ ነው፤ ልጁ ዓይኑንም አላርገበገበ። «ሰዓትሽን አስተካክይ» አለኝ።

የቀረውን ባጭሩ። ፔንግዊኖቹን ሳይመንስ ታውን ሄጄ አየሁ። ቁመታቸው ከጉልበት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ድምፃቸው ግን የአህያ ነው፤ ዓይንሽን ብትጨፍኚ መርካቶ ነሽ። የሚበሉት ሰርዲን እያለቀ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድበዋል። ቦካፕ ሄድኩ፣ ባለቀለም ቤቶቹ ያምራሉ፤ ሆላንዶች ከእስያ በባርነት ያመጧቸው ሰዎች ልጆች ሰፈር ነው። ሳምቡሳቸውን በላሁ፤ የእኛ ይበልጣል።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ደግሞ የ2018ቱን ድርቅ ስታወራልኝ አመሸች። ቧንቧ የሚዘጋበትን «ዜሮ ቀን» ይቆጥሩ ነበር፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ። ደግነቱ ቧንቧው ሳይዘጋ ዝናቡ መጣላቸው። የገላ መታጠቢያውን ውሃ በባልዲ እያጠራቀሙ ሽንት ቤት ይደፉ እንደነበር በመገረም ነገረችኝ። በውሃ ፈረቃ ላደገ ሰው ይህም ወሬ ሆኖ! ከንፈሬን መጠጥኩላት።

በይ አሁን ተራው ያንቺ ነው። ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? አማርኛ ታወራለች ወይስ እየሰማች ነው የምትመልስልሽ በእንግሊዝኛ? ባልሽ ያን ጺሙን ተላጨው? ፎቶዎቹን በቴሌግራም እልካለሁ፤ አውራ ጣት ብቻ ልከሽ እንዳትገላገይ፣ ጻፊ። እማዬ «ያቺ ልጅ ጠፋች» እያለች ነው፤ በርበሬሽን አስፈጭታ አስቀምጣለች። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ቶሎ ንገሪኝ። ሁለት ኪሎ ነው፤ ሽሮም ከፈለግሽ አሁኑኑ ተናገሪ።

ያንቺው፣
የፒያሳዋ